ልቤን ለቆጠሩልኝ ጎረቤቴና ለወዳጆቼ ሁሉ የቀረበ የምስጋና መልእክት

ከሁሉ አስቀድሞ እስከዚህች ቀን ላደረሰኝ ለልዑል እግዚአብሔር ምስጋና ይግባው። ባለፈው ክረምት ያለፍኩበትን አብዛኞቻችሁ አብራችሁኝ ስለነበራችሁ አልደግመውም፤ በ2006 ዓ.ም. በግራ ደረቴ ቆዳ ሥር የተቀመጠልኝ ፔስሜከር (የልብን ምት የሚያግዝ ትንሽ መሣሪያ) ባትሪው በ11ኛ ዓመቱ ደክሞ በአዲስ እንደተተካልኝና አሁን በደኅና እንደምገኝ መግለጹ ይበቃል።

ከሰው ወገን በቅድሚያ የማመሰግነው ሽሮ ሜዳ ውስጥ በቆርቆሮ አጥር የምንዋሰነውን ጎረቤቴን፣ እትዬን ነው። በአደባባይ እንዳልጠራቸው ስለገዘቱኝ ስማቸውን ትቼ ሥራቸውን ልናገር። እትዬ ዕድሜያቸውን በጥልፍ ሥራ የገፉ እንጂ ሕክምና የተማሩ አይደሉም። ሆኖም አንድ ቀን ከገበያ ስንመለስ ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ቆሜ ማረፌን አይተው ኖሮ፣ ቤት እንደደረስን የሟች ባለቤታቸውን የእጅ ሰዓት አውጥተው፣ የእጄን የደም ሥር ይዘው ቆጠሩ። 65 ሆነ። በማግሥቱ ዳገቱን እንደጨረስኩ፣ ትንፋሼ ገና ሳይመለስ ደግመው ቆጠሩ፤ ያው 65። «ይህ ልብ ዳገትና ሜዳ አይለይም፤ አንድ ነገር ሆኗል» አሉኝ። እኔ በእርጅና አሳብቤ ልተወው ነበር። የክትትል ቀጠሮዬ የመመርመሪያው ማሽን ተበላሽቷል እየተባለ ሦስት ጊዜ ስለተላለፈ፣ እውነቱን ለመናገር መመላለሱም ሰልችቶኝ ነበር። እርሳቸው ግን «ማሽን ያለው እዚያ ብቻ ነው ወይ?» ብለው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ወደ ሌላ ሕክምና ቤት ይዘውኝ ሄዱ።

ባለሙያው የማሽኑን ማንበቢያ ደረቴ ላይ አስቀምጠው የነገሩን፣ እትዬ በሰዓት ቆጥረው የደረሱበትን ነው። እንደ እኔ ያለው መሣሪያ የመለወጫው ጊዜ ሲደርስ ኃይል ለመቆጠብ ሲል እንደ ሰውነት እንቅስቃሴ ምቱን ከፍና ዝቅ ማድረጉን ትቶ በደቂቃ 65 ላይ ይረጋል፤ ከዚያ ምልክት በኋላ የሚቀረው ጊዜም በአብዛኛው ሦስት ወር ገደማ ነው። ከሦስቱ ወር ስንቱን በዳገቱ ላይ ቆሜ እንደጨረስኩት ሳስበው ዛሬም ይዘገንነኛል።

መሣሪያው የሚለወጥበት ቀን እስኪደርስ እትዬ ሌሊቱን አላመኑትም። በየማለዳው በማማሰያ ቆርቆሮውን ሦስት ጊዜ ይመቱታል፤ እኔም ሁለት ጊዜ መትቼ እመልሳለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ምልክታችን በማይሰማበት ጠዋት ዣንጥላ ይዘው ደጄ ድረስ ይመጡ ነበር። ሞባይል ከመሣሪያው ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር መራቅ እንዳለበት ከሰሙ ወዲህ የኮቴን የግራ ኪስ በክር ሰፍተው ዘግተውታል (እስካሁን አልተፈታም)። የመኪና ቀበቶ ቁስሉን እንዳይጫነው ጥጥ የሞሉባትና ጠርዟን በአረንጓዴ ክር የጠለፏት ትንሽ ትራስም ሰጥተውኛል። እኔ ባለቤቴን ከቀበርኩ ወዲህ ማለዳ ላይ መኖሬን የሚጠይቅ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ይህን ስጽፍ ብዕሬን ሁለት ጊዜ አስቀምጫለሁ፤ ይቅርታችሁን።

ሐኪሜና ባልደረቦቻቸው ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ባትሪው ከመሣሪያው ጋር አንድ ላይ የታሸገ በመሆኑ መሣሪያው በሙሉ እንደሚለወጥ፣ ከመሣሪያው ወደ ልቤ የሚሄደው ነባሩ ሽቦ ግን በቦታው እንደሚቀር በትዕግሥት አስረድታችሁኛል፤ ልቤ ያለ መሣሪያ ራሱን ስለማይችልም በጊዜያዊ መሣሪያ ደግፋችሁ አሻግራችሁኛል። ሐኪሜ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያጫወቱኝን አልረሳም፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ስዊድን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፔስሜከር በሰውነቱ የተቀበረለት አርነ ላርሰን የመጀመሪያው መሣሪያ በሰዓታት ውስጥ ቢበላሽበትም፣ ከ20 ጊዜ በላይ እየተቀየረለት እስከ 86 ዓመቱ ኖሯል። «እርስዎ ገና ሁለተኛዎ ነው» ብለው አሳቁኝ፤ ማደንዘዣው የተወጋው ደረቴ ላይ ብቻ ስለነበረ ሳቄን ክፍሉ ሁሉ ሰማው።

የመሣሪያውን ዋጋ ያሟላችሁልኝ የእድራችን አባላት፣ የማኅበሬ ወንድሞችና እህቶች፣ ከቅርብም ከባሕር ማዶም የደረሳችሁልኝ የቀድሞ ተማሪዎቼና ዘመዶቼ፣ በጸሎት ያሰባችሁኝ አባቶች፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልኝ። ገንዘቡን በፖስታ አሽጎ፣ ስሙን ሳይጽፍ በበሬ ሥር ያስገባው ሰው ማን እንደሆነ ጠርጥሬአለሁ፤ ዝም ብዬአለሁ። ስማችሁን ያላነሣሁ ብዙዎች ናችሁ፤ የመርሳቴን ነገር በክፍል ውስጥ ስም እያምታታሁ ያስተማርኳችሁ ታውቁታላችሁና አትቀየሙኝ።

አዲሱ መሣሪያ የሚታይበት ቀጠሮዬ ከሦስት ወር በኋላ ነው። የቀጠሮ ካርዱን ግን አትጠይቁኝ፤ እትዬ ወስደው በመሶባቸው ክዳን ሥር አስቀምጠውታል።