የአረጋውያኑ ትምህርት ወደ እድር ድንኳን ይምጣ

ለአዲስ አበባ ፖሊስ ኮሚሽን
ጉዳዩ፦ ለአረጋውያን ስለሚሰጥ የወንጀል መከላከል ትምህርት

በሥራ ቀን፣ ፎቅ ላይ ባለ አዳራሽ የሚጠራ ስብሰባ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናቶች አያገኝም። እኛ በእድር ጸሐፊነትና ዳኝነት የምናገለግል ሰዎች የምንጠይቀው የማኅበረሰብ ፖሊስ አባላት የወር መዋጮ በሚሰበሰብበት እሑድ ጠዋት ወደ እድሩ እንዲመጡ ነው። 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ከፍሎ ስሙን ያስመዘገበ ሁሉ ሹልክ ይላል። በአንድ እሑድም አንድ ጉዳይ ብቻ ይነሣ።

ከስልክ ይጀመር። «አካውንትዎ ውስጥ 5,000 ብር ገብቷል» የሚል መልእክት ይመጣል። ወዲያው ስልክ ይጮኻል፦ «እማማ፣ የሆስፒታል ብር ነበር፣ ተሳስቼ ነው፣ በፈጠረዎት ይመልሱልኝ»። እዚህ ላይ አረጋውያኑን የሚጥላቸው የሰው ሐቅ መፍራት ነው። «ስግብግብ አትሁኑ» የሚለው የተለመደ ምክር የማይሠራውም ለዚህ ነው።

ትምህርቱ እንዲህ ይሁን፦ የቴሌብር መልእክት ላኪው 127 ነው፤ በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር ቁጥር የመጣውን ግን ማንም ሊጽፈው ይችላል። መልእክቱን ትተው *127# ብለው ቀሪ ሒሳባቸውን ይዩ። ያልገባ ብር አይመለስም። የእውነት ገብቶ ከሆነም ደዋዩ ራሱ ቴሌ ሄዶ ያመልክት። ይህን በቃል ብቻ መንገር አይበቃም፤ ፖሊሱ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ በገዛ ስልካቸው ያስሞክራቸው። የሚሳሳቱም እዚያው ይሳሳቱ።

ስለ ሚስጥር ቁጥርም «ለማንም አትንገሩ» ብቻ ማለት ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች ባዶ ቃል ነው። ስድስቱን አሃዝ የልጅ ልጅም፣ ሠራተኛዋም፣ አንዳንዴ ባለሱቁም ያውቀዋል። አንድ የቤተሰብ ሰው ብቻ ይወቀው፤ ሠራተኛ ስትለቅ ቁጥሩ ይቀየር፤ ስልኩ ላይም ከወር አስቤዛ የበለጠ ብር አይቀመጥ።

ታክሲ ላይ «በሩ አልተዘጋም፣ ሳቡት» ተብለው ሲታገሉ ጎናቸው የተቀመጠው ሰው ኪሳቸውን እንደሚፈትሽ ብዙዎች ሰምተዋል። ቢሆንም የጡረታ ብር በሚወጣበት ሰሞን ደግሞ ማስታወስ፣ ባንክ ደጃፍ ላይም ጥበቃውን ማጠናከር አይከፋም።

የተታለሉት ብዙ ጊዜ ልጆቻቸው እንዳይሰሙ መልእክቱን ያጠፉታል፤ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በትልልቅ ፊደል የታተመ አንድ ገጽ ወረቀት ይታደል፦ «መልእክቱን አታጥፉ፤ የተላከበትን ሰዓት ያዙ፤ 991 ደውሉ» የሚልና የቀጠናው ፖሊስ ስልክ ያለበት። የአባሉ የግል ቁጥር ከተጻፈ ግን በተዛወረ ማግስት ወረቀቱ ዋጋ ያጣል፤ የጣቢያው ይጻፍ።

ብቻቸውን የሚኖሩትን በተመለከተ፣ እድር የሚያውቀው ጥሩንባ ለመንፋት ብቻ መሆን የለበትም። የት የት እንዳሉ ማሳየት እንችላለን፤ የስም ዝርዝራቸውን ግን አባዝተን አንሰጥም። እንዲህ ያለ ዝርዝር በቴሌግራም አንዴ ከተላከ የሌባ መንገድ መሪ ይሆናል። መዝገቡ እድሩ ጋ ይቆይ፤ ፖሊሱም ለጉብኝት ሲሄድ ሰዎቹ በመልክ የሚያውቁትን የእድር ሰው አስከትሎ ይሂድ። ዩኒፎርም ለለበሰ ሁሉ በር መክፈትን አናስለምዳቸው፤ ዩኒፎርም ሌላም ሰው ሊለብሰው ይችላል።

ከፒያሳ ወደ ገላን ጉራ እንደሄዱት ያሉ፣ የቀድሞ እድራቸው የተበተነባቸው ሰዎች በዚህ መንገድ አይገኙም። ለእነርሱ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ በኩል መጀመር ይሻላል።

በክረምት ዝናቡ ሸራውን ሲደበድብ ስለማያሰማ ሙከራው በጥቅምት ቢጀመር ይመረጣል፤ በየወረዳው አንድ እድር ይበቃል። ድንኳኑና ወንበሩ ከእኛ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
በአዲስ አበባ በእድር ጸሐፊነትና ዳኝነት የምናገለግል ነዋሪዎች