እማዬ፣ ሳያምሽ ተመርመሪ

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? እኛ እዚህ ሐዋሳ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ልጆቹ ትምህርት ጀምረዋል። የላክሽው ቅቤ ደርሶናል፤ ትንሿ ቆቡን ከፍታ እያሸተተች አስቸግራናለች።

ይህን በደብዳቤ የምጽፍልሽ በስልክ አልሆን ስላለኝ ነው። ጤናሽን ሳነሳብሽ ወዲያው የወተት ዋጋ ታነሺብኛለሽ። እሱ ካልያዘልሽ "ኔትወርኩ ተቆራረጠ" ነው። ሱሉልታ ላይ ኔትወርክ የሚቆራረጠው ስለ ግፊት ሲወራ ብቻ ነው መሰለኝ።

የዕድራችሁ ቀን ጤና ባለሙያዎች መጥተው ሲለኩሽ ግፊትሽ 158 በ96 እንደነበር እህቴ ነግራኛለች። አንቺ "ዳገቱ ነው" ብለሽ ሄድሽ አሉ። እውነትሽን ሊሆን ይችላል። ዳገት ወጥቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ሽንት ይዞ የተለካ ሰው ግፊቱ ከፍ ይላል። በዚያ ላይ በአንድ ቀን ልኬት ብቻ "ግፊት አለብሽ" ብሎ መደምደም ልክ አይደለም። እንግዲያውስ ዳገቱ መሆን አለመሆኑን እንየው። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ከመለካትሽ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ቡና አይቅመስሽ። ሽንት ቤት ግቢ። ከዚያ ጀርባሽን ወንበሩ ላይ አስደግፊና እግርሽን መሬት አሳርፈሽ አምስት ደቂቃ ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ዝም ስልሽ ወሬም ጭምር ነው፣ እማ። ሁለት ጊዜ ይለኩሽ፤ በሌላ ቀንም ይደገም። ያኔም 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጥፋቱ የዳገቱ አይደለም።

"ምንም አላመመኝም" እንደምትዪ አውቃለሁ። እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ግፊት አያምም። ስኳርም ሲጀምር አያምም። ኩላሊት አብዛኛውን አቅሙን እስኪያጣ ድረስ ምንም ሳያሳውቅ ሊቆይ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የደም ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች ግማሽ ያህሉ እንዳለባቸው እንኳ አያውቁም። እኔም ላብራቶሪ ውስጥ የማየው ይህንኑ ነው። (ለጎረቤት "ልጄ ሐኪም ነው" ማለትሽን ብትተዪልኝ ደስ ይለኛል፤ እኔ ደም ቀድቼ ውጤት የማወጣ ሰው ነኝ።) ሰው ዓይኑ ሲደክምበት ወይም ቁስል አልድን ሲለው ይመጣል። ስኳሩ ግን ከገባ ዓመታት ሆኖታል።

የእማማን እግር አስቢ። እናንተ ዛሬም "ምስማር ወጋት" ነው የምትሉት። ምስማሩስ ወግቷታል፤ ግን ምስማር ብቻውን እግር አያስቆርጥም። ስኳሩ ነርቯን አደንዝዞት ስለነበር ሲወጋት አላወቀችም። የደም ዝውውሯም ተዳክሞ ነበርና ቁስሉ አልድን አለ። ስኳር እንዳለባት የሰማነው ሆስፒታል ከተኛች በኋላ ነው። አንቺ ደግሞ ልጇ ነሽ። ይሄ በሽታ በቤተሰብ ካለ ለልጅም ይቀርባል።

የቡና ጎረቤቶችሽ "በሽታ የሚገኘው ሲመረመሩ ነው" ይላሉ። ልክ ናቸው፤ የሚገኘው ግን የነበረው ነው።

የምታስመረምሪው ብዙ አይደለም። ግፊት አንድ ነው። ከዚያ በባዶ ሆድ የሚለካ ስኳር። ቢያንስ ስምንት ሰዓት ምግብ ሳይቀመስ ነው፤ ውሃ ይፈቀዳል። ዓቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለምትጾሚ ሴት ይሄ ምን አላት? ከ100 በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ከ100 እስከ 125 ከሆነ ስኳር በር ላይ ቆሟል ማለት ነው፤ በምግብና በእንቅስቃሴ መመለስ የሚቻለው ያኔ ነው። ተደግሞም 126 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ገብቷል። ኤዋንሲ የሚባል ምርመራም አለ። ስኳር ቀይ የደም ሴል ላይ ይጣበቃል፤ ሴሉ ደግሞ አራት ወር ገደማ ይኖራል። ስለዚህ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ያሳያል። ከዋዜማው ጀምሮ እንጀራ በመቀነስ አይሸወድም። ጤና ጣቢያው ከሌለው ሪፈር ይጻፉልሽ። ለኩላሊት ሽንትሽ ውስጥ ፕሮቲን መኖሩን ይዩልሽ፣ ክሬአቲኒን የሚባለው የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራም ይሠራልሽ። በቃ።

አዲሱ ገበያ ወርደሽ "ሙሉ ምርመራ" የሚሉትን በውድ እንዳትገዢ። ግማሹ አንቺን የማይመለከት ነው። ታይፎይድና ታይፈስማ ባትነኪው ይሻላል! ደከመኝ ያለ ሁሉ እሱን ይታዘዝለታል፤ ያ ምርመራ ግን ድሮ ያለፈን ነገር እንደ አዲስ ሊያሳይ ይችላል። አንቺ ስንቴ ታይፎይድ ተብለሽ መርፌ እንደተወጋሽ ታውቂያለሽ፤ በዚያ ሁሉ መመላለስ ስኳርሽን የለካ የለም።

የጤና መድን ደብተርሽ መታደሱን አረጋግጪ። ያለሱ ሪፈሩም ያስቸግርሻል።

መድኃኒት ከታዘዘልሽ አንድ ነገር ልለምንሽ። ግፊቱ ወረደ ብለሽ አታቋርጪ። የወረደው እሱን ስለወሰድሽ ነው። የጎረቤትሽንም ኪኒን "እሷን ተስማምቷታል" ብለሽ እንዳትውጪ። ጸበልሽን ተዪ አላልኩሽም፤ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ጾሙን ግን ለሐኪሙ ንገሪው። በባዶ ሆድ ሲወሰዱ ስኳርን ከልክ በታች የሚጥሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ያ ደግሞ ራስ ያስታል። የንስሐ አባትሽንም አማክሪ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው እንደማትጨክን ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂያለሽ።

ጨውንም ቀነስ አድርጊ። በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ነው የሚመከረው፤ በርበሬውና ሽሮው ውስጥ የገባውም ይቆጠራል።

ማክሰኞ ጠዋት እህቴ ትወስድሻለች፤ ተነጋግረን ጨርሰናል። ላሟን የሚያልብ ሰው እሷው ፈልጋለች፣ ስለዚህ ምክንያት አትፈልጊ። የውጤት ወረቀቱን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትላክልኝ። "ደህና ነሽ አሉኝ" የሚለውን አልቀበልም፤ የምፈልገው ቁጥሩን ነው።

ልጅሽ