ጥለቱን ወደዳችሁት፣ የሸማኔውን ቤትስ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፍላችሁ ከሽሮ ሜዳ ነው። እዚህ የሐበሻ ልብስ ሱቅ አለን። ባለቤቴ ይሸምናል፣ እኔ እሸጣለሁ፣ ሒሳቡንም የምይዘው እኔ ነኝ። እሱ ዶርዜ ነው፣ የጋሞዋ የጨንቻ ልጅ፤ እኔ ጎጃም ነው የተወለድኩት። አማቴ ከእኛው ጋር ናቸው። ልጃችንን ያገኘናት በማደጎ ነው። ይሄን ስናገር ብዙ ሰው «እንዴት ሆኖ?» ይለኛል። ደብዳቤውን ያስጻፈኝም ይሄው ጥያቄ ነው።

የእኛ አገር ሰው ሸማ ሲወድ ለጉድ ነው። ለጥምቀት፣ ለፋሲካ፣ ለክርስትና፣ ለሰርግ ያለሱ አይሆንለትም፤ ሐዘን ሲደርስም ነጠላውን አዘቅዝቆ ነው የሚወጣው። ጥር ሲገባ ሱቃችን ውስጥ መቆሚያ አይገኝም። ግን ያን ሸማ የሠራውን ሰው ለልጁ ባል አድርጎ የሚያስበው ስንቱ ነው? አንዲት ደንበኛችን ለልጇ ሰርግ የሚዜዎችን ልብስ ልታዝ መጥታ ነበር። ጨዋ ሴት ናት፣ ዋጋም ብዙ አልተከራከረችም። ስልኳ ጠራና «ዶርዜው ጋ ነኝ» አለች። ባለቤቴ እዚያው ከጀርባ የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ እየሸመነ ነው። ሰምቷል። ስሙን ነግሯት ነበር እኮ! ዶርዜ መሆን የሚያኮራ ነው፣ እሱም ይኮራበታል፤ እሷ ያለችበት ድምፅ ግን ሌላ ነበር። የአዲስ አበባ ሰው ይሄን ድምፅ ያውቀዋል።

እኔም ቤት ያው ነበር። ላገባው ነው ስል መጀመሪያ የተጠየቅኩት ጠባዩን አይደለም፣ አጥንቱን ነው። ይጠጣል ወይ፣ ይማታል ወይ፣ ሠርቶ ያድራል ወይ ያለኝ ሰው የለም። «ከሸማኔ ጋር? ሰው ምን ይላል?» ነው የተባለው። አንድ አጎቴ ሰርጋችን ላይ አልተገኘም። ዛሬ የልጆቹን የበዓል ልብስ ከእኛ ነው የሚወስደው፣ በደስታም እንሰጠዋለን፣ ግን አንድም ቀን ቤታችን ገብቶ ምሳ አልበላም።

ይሄ ነገር አዲስ አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። ያኔ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፣ ብረት ሠሪውን ጠይብ እያሉ መስደብ የተለመደ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም ወንድና ሴት በዘር፣ በብሔር፣ በሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግባቸው መጋባት ይችላሉ ይላል። ሕጉ ከጎናችን ነው። የሚያስቸግረን ቡና ላይ የሚወራው፣ ዕድር ላይ በሹክሹክታ የሚባለው፣ ሽማግሌ ሲላክ የሚጠየቀው ነው።

አሁን ስለ ልጄ ልንገራችሁ። አራስ ሆና ነው ወደ እኛ የመጣችው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጉዲፈቻ ልጅ እንደ ተወላጅ ልጅ ይቆጠራል ይላል፣ እኛም በፍርድ ቤት አስጸድቀን ነው የወሰድናት። የሚከፋን ሰው በክፋት የሚናገረው አይደለም፣ እሱን መልስ ሰጥቼ እሸኘዋለሁ። የሚከፋን ምርቃቱ ነው። «የሰው ልጅ ማሳደግ ትልቅ ጽድቅ ነው፣ እግዜር ይክፈላችሁ» ይሉኛል፣ ልጅቷ አጠገቤ ቁጭ ብላ ክር እያጠነጠነች! እሷ ስትሰማው ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። «አንቺ የሰው ልጅ ነሽ» ማለት ነው እኮ። እኔ ጽድቅ ፍለጋ አይደለም ያመጣኋት፣ ልጅ ፈልጌ ነው። እባካችሁ ልጅ ፊት እንዲህ አይባል። «እውነተኛ እናቷ የታለች?» ብላችሁም አትጠይቁኝ፣ ቆሜ እያያችሁኝ።

ቤታችን ውስጥ ግን ይሄ ሁሉ የለም። አማቴ ከልጄ ጋር በጋሞኛ ነው የሚያወሩት፣ እሷም አሳምራ ትመልሳለች፤ እኔ እስካሁን ግማሹ ያመልጠኛል። ቆጮና ዳጣ ከእንጀራው እኩል ይቀርባል። እንዝርቱን ያስያዟት አማቴ ናቸው። ባለቤቴ ጥለት ሲሠራ ድሩን በጣቱ እየቆጠረ ያነሳል፣ በመሐሉ ባለቀለሙን ክር ያሳልፋል፣ መልሶ ይቆጥራል፤ አንድ ክር ከተሳሳተ ፈትቶ ይጀምረዋል። ልጄ አጠገቡ ሆና አብራ ትቆጥራለች። ሒሳብ የለመደችው እዚያ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ንግዱ ከብዷል። የክር ዋጋ በየጊዜው ይጨምራል፣ ፋብሪካ ውስጥ የታተመ ጥለት ያለው ጨርቅ ገበያውን ሞልቶታል። ከሩቅ ሲያዩት ያው ነው፣ ሲታጠብ ግን ይለያል። ደንበኛ የዚያን ዋጋ ይዞ መጥቶ በእጅ የተሠራውን ይጠይቀናል። የኪራይ ቀን ሲደርስ ዕቁባችን ባይኖር ሱቁን የምንዘጋበት ወር ነበር። ደግሞ እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ከገጠር ሕፃናትን አምጥተው ከትምህርት ቤት አስቀርተው ቀኑን ሙሉ የሚያሸምኑ አሉ። የእኛው ሙያ ሰዎች ናቸው፣ ቢሆንም መቆም አለበት። ሙያው እንዲከበር የምንፈልግ ከሆነ ለልጆቹም እንቁም።

የዕቁባችን ሰዎች ከየትም የመጡ ናቸው፤ ጉራጌ አለ፣ ወሎዬ አለ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለ። አማቴ ታመው ሆስፒታል የተኙ ጊዜ ተራ በተራ ስንቅ ያመላለሱት እነሱ ናቸው። አንዳቸውም አጥንት አልቆጠሩም። ስለዚህ የአገሬ ሰው አይችልም አልልም፣ ሲችል አይቻለሁ።

ለእናንተም አንድ ጥያቄ አለኝ። የሰርግ ወቅት ሲደርስ የሐበሻ ልብስ ፎቶ ታወጣላችሁ፣ የዲዛይነሯንና የሞዴሏን ስም ትጽፋላችሁ። መልካም ነው። በሚቀጥለው ጥር የሸማኔውንም ስም ጠይቃችሁ ከሥሩ ጻፉት።

ከአክብሮት ጋር፣
የሽሮ ሜዳ አንባቢያችሁ