ከበር ላይ ሰው አውቃለሁ ላልሽኝ ልጄ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የጦሳ ተራራ ጉሙን አልለቅ ብሎ ደሴ ሰሞኑን ብርድ ናት። እናትሽ ጉልበቷን ያማታል፤ ቡናዋን ግን አልተወችም።

በስልክ ማለት የምችለውን በወረቀት የምጽፍልሽ በስልክ ስናወራ ስለምትቀድሚኝ ነው። ባለፈው ሳምንት ከአንቺ ሁለት ነገር ደርሶኛል። አንደኛው የሠራተኛ ቀጣሪ ኮሚቴ አባል የመሆንሽ ዜና ነው። እንኳን ደስ ያለሽ! «አባዬ፣ እኔ እኮ ሰው ገና ከበር ሲገባ አውቀዋለሁ» ማለትሽ ግን ከንክኖኛል። ሁለተኛው በስልኬ የላክሽልኝ የስኮትላንዷ ዘፋኝ የሱዛን ቦይል ቪዲዮ ነው። እያለቀስሽ እንዳየሽው ጽፈሻል። እናትሽም አይታ አልቅሳለች።

እኔ አላለቀስኩም፤ እንዲያውም ተናደድኩ። እ.ኤ.አ. በ2009 ያቺ የ47 ዓመት ሴት በብሪታንያው የተሰጥኦ ውድድር መድረክ ላይ ስትወጣ አዳራሹ ፊቷንና ቀሚሷን አይቶ ሳቀ። ዘፋኝ መሆን እፈልጋለሁ ስትል ዓይኑን የሚያገላብጥ ነበር። አፏን ስትከፍት ደግሞ ያው ሰው ተነስቶ አጨበጨበ። ምን አስደነቀው? ጉንጭና ጸጉር ከጉሮሮ ጋር ምን አገናኛቸው? ከጭብጨባው ግማሹ ለዘፈኑ ቢሆን፣ ግማሹ «ይህችም ትችላለች እንዴ!» ለሚለው መገረም ነው። እንዲህ ያለው መገረም ስድብ ነው፤ በሳቅ ፋንታ በእንባ የቀረበ ስድብ። ደግሞ ድምጿ የዚያን ዕለት አልተወለደም። በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ስትዘምር ኖራለች፤ ከዚያ አሥር ዓመት ቀድማም ለበጎ አድራጎት በተዘጋጀ ሲዲ ላይ ዘፍናለች። ውድድሩን በሁለተኝነት ጨረሰች፤ የመጀመሪያ አልበሟ ግን በብሪታንያም በአሜሪካም ከገበያው አናት ወጣ። ጎረቤቶቿ የሚያውቁትን ድምፅ ዓለም ለመስማት ያን ያህል የዘገየው ስለምን ነው?

እንግዲህ ያንን ቪዲዮ አይተሽ ባለቀስሽበት ሳምንት ነው ከበር ላይ አውቃለሁ ያልሽኝ። አትቆጪኝ፤ ብቻሽን አይደለሽም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሁለት የፕሪንስተን ተመራማሪዎች ለሰዎች የማያውቁትን ሰው ፊት ለአንድ አሥረኛ ሰከንድ ብቻ አሳይተው፣ ይታመናል ወይ፣ ችሎታ አለው ወይ ብለው ጠየቁ። መልሱ ያለ ገደብ ጊዜ ከተሰጣቸው ሰዎች መልስ ጋር በእጅጉ ተቀራረበ። ጊዜው ሲረዝምላቸው ፍርዳቸው ብዙም አልተለወጠም፤ ይበልጥ እርግጠኛ ሆኑ እንጂ። ስለዚህ ከበር ላይ መወሰንሽን አምንልሻለሁ። ማወቅሽን ነው የማላምነው።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልመልስሽ። አባትሽ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ደህና መስሎ እንዲታይ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው። ለቃለ መጠይቅ የሚሄድ ወጣት መጥቶ ሲቆም ትከሻ ከሌለው ትከሻ እሰጠዋለሁ። ደረቱ ከገባ በገበርና በካውያ አቃናዋለሁ። ኮሚቴው «ግርማ ሞገስ አለው» ብሎ ከሚጽፍለት ነገር ግማሹ የእኔ ስፖንጅ ነው። አንድ የሰፋሁትን ኮት ሦስት ወንድማማቾች እየተዋሱ ተፈትነውበታል፤ ለታናሽየው ሰፍቶት እንደነበር ሳስበው እስካሁን ያስቀኛል።

ስለ ኩታበሬው ግን በደንብ ነግሬሽ አላውቅም። በወጣትነቴ ፒያሳ ተቀጥሬ በምሠራበት የልብስ ስፌት ቤት፣ ባለቤቱን ሐጂ ነበር የምንላቸው። አንድ ቀን ከኩታበር አንድ ወጣት ሥራ ሊጠይቅ መጣ። እግሩ ላይ ኮንጎ ጫማ፣ ጉልበቱ የተጣፈ ሱሪ፣ እርሻ የሰነጣጠቀው እጅ። ሲናገር ይንተባተባል፤ ስሙን ተናግሮ እስኪጨርስ ደንበኞቹ ተያዩ። ሐጂ ጨርቅ እየቆረጡ ነበር። መቀሱን ሳይለቁ፣ ቀና ብለውም ሳያዩት፣ አንድ ያላለቀ ኮትና እጅጌ ወደ እሱ ገፋ አድርገው «ግጠመው» አሉት።

እጅጌ መግጠም ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። የእጅጌው አናት ከብብቱ ክብ በስፋት ይበልጣል፤ ያንን ትርፍ ሽብሽብ ሳይታይበት አስርጎ ማስገባት የመኪና ሳይሆን የጣት ሥራ ነው። ወጣቱ መኪናው ላይ ዘልሎ አልተቀመጠም። መጀመሪያ እጁን በሱሪው ጠረገ፤ ጨርቁ እንዳይቆሽሽ ነው። ከዚያ እጅጌውን በመርፌ ሰፋ ሰፋ አድርጎ ለጊዜው ያዘው፤ በጡጫው ላይ አልብሶ አየው፤ አንድ ቦታ ፈታና መልሶ ያዘው። መኪናውን የረገጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሐጂ ኮቱን ሲቀበሉት ውጪውን አላዩትም። ገልብጠው የስፌቱን ጀርባ በጣታቸው ዳሰሱና «ነገ ና» አሉት። በገጠር ገበያ በረንዳ ላይ አሮጌ ሲንጀር ተከራይቶ ሲጥፍ እንደኖረ የሰማነው ቆይቶ ነው።

በዚያው ቤት ሌላ ልጅ ነበር። ቁመተ ሎጋ፣ ጥርሰ መልካም፣ አንደበቱ የተባ። ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ በር ላይ ሲቆም መንገደኛው ዞር ብሎ ያየዋል። ልኬት መውሰድ ያውቃል፤ እጅጌ መግጠም አያውቅም። ደንበኛው ሁሉ ግን «ልብሴን እሱ ይስፋልኝ» ነበር የሚለው። ሐጂ ነጋዴ ናቸው፤ ቤቱን በመጋረጃ ለሁለት ከፈሉት። ኩታበሬው ከመጋረጃው ጀርባ ይሰፋል፤ መልከ መልካሙ ከፊት ያስረክባል። አንድ ጊዜ አንድ የባንክ ሰው አዲስ ሱፉን ለብሶ በመስታወት ከተዟዟረ በኋላ የልጁን እጅ ጨብጦ «እጅህ ይባረክ፣ ይህ ትከሻ ጣልያን አገርም አይገኝ» ብሎ አሥር ብር ጉርሻ ሰጠው። አሥር ብር ያን ጊዜ ብር ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ መኪናው ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ ሥራውን ቀጠለ።

ሐጂ አፈር ይቅለላቸውና ሳያዩ መዳኘት የሚችሉ ሰው ነበሩ፤ የደንበኛቸውን ድክመት ግን ሸጠው በሉ። ይህን ሳልል ባልፍ ውሸት ይሆናል። ታሪኩን የሚሰማ ሁሉ ለኩታበሬው ያዝናል። እኔ ለመልከ መልካሙም አዝናለሁ። ያልሠራበትን ምስጋና እየተቀበለ ስለኖረ መማር አላስፈለገውም። ኋላ የራሱን ቤት ከፈተ፤ ደንበኛው ተከትሎት ሄደ፤ ዓመት ሳይሞላ ተዘጋ። ኩታበሬውን ታውቂዋለሽ። ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ የለበስሽውን ካፖርት የሰፋልሽ እሱ ነው።

መጋረጃን ለሌላ ሥራ ያዋሉም አሉ። የአሜሪካ የሲምፎኒ ኦርኬስትራዎች በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ሙዚቀኛ ሲፈትኑ በተፈታኙና በዳኞቹ መካከል መጋረጃ መዘርጋትን ልማድ አድርገውታል። ዳኛው የሚሰማው ቫዮሊኑን ብቻ ነው። የጫማ ተረከዝ ድምፅ ሴት መሆኗን እንዳያሳብቅባት ወለሉ ላይ ምንጣፍ ያነጠፉም ነበሩ። በእነዚያ ኦርኬስትራዎች ጥቂት የነበሩት ሴቶች ከዚያ ወዲህ በዝተዋል፤ መጋረጃው ብቻውን አበዛቸው ባይባልም። የሐጂ መጋረጃ ሠራተኛውን ጋረደ፤ የእነዚያ ግን የዳኛውን ዓይን።

ይህ ለመሃይም ዳኛ ነው እንዳትዪኝ። እ.ኤ.አ. በ2013 አንዲት ተመራማሪ፣ ራሷም ፒያኖ ተጫዋች የሆነች፣ የታላላቅ የሙዚቃ ውድድሮችን አጫጭር ቪዲዮዎች ለሰዎች አቅርባ አሸናፊውን ለዩ አለቻቸው። ድምፁን ብቻ ከሰሙት ይልቅ ድምፅ አልባውን ምስል ያዩት በተሻለ ለዩት። ሙያ ያላቸው ሙዚቀኞችም ከዚህ አላመለጡም። እንግዲህ አሸናፊውን አስቀድመው የመረጡት ዳኞች በጆሯቸው ነው ብለው ያሰቡት ነገር ብዙው በዓይናቸው ነበር ማለት ነው።

እኛስ ብትዪ፣ የቅኔ ቤቱን አስቢ። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንጠልጥሎ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲለምን ውሻ ያሯሩጠዋል። የኔታ ፊት ሲቀርብ ግን የሚመዘነው ባመጣው ቅኔ ነው። ዓይነ ስውር የሆኑ የቅኔ መምህራን በየዘመኑ ነበሩ፤ እነሱ ደበሎውን ከየት ያዩታል? በእኔ ወገን ያሉት አያትሽም ደረሳ ሳሉ ቁራሽ እየለመኑ ነው ኪታብ የቀሩት። በእናትሽ ወገን ቆሎ ተማሪ፣ በእኔ ወገን ደረሳ፤ የሁለት ለማኞች የልጅ ልጅ ነሽና ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው ስታዪ ረጋ በዪ።

እናትሽ አሁን ከጎኔ ሆና «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» ትለኛለች። ለወጥ ይሠራል፣ ለሰው አይሠራም ብያታለሁ። ይልቅ ኮሚቴ ወንበር ላይ ስትቀመጪ የምታስቢው ሌላ ተረት አለ፤ «ሙያ በልብ ነው»። የእኛ አገር ልጅ ይህን እየሰማ ያድጋል። ትልቅ ሰው ፊት አንገቱን ይደፋል፤ ስለ ራሱ ማውራት ነውር ነው። ዲግሪውን ይዞ ሲመጣ ደግሞ ኮሚቴው «እስቲ ስለ ራስህ ንገረን፤ ከሌሎች በምን ትበልጣለህ?» ይለዋል። የዋድላ ወይም የደላንታ ልጅ ይህን ሲጠየቅ መሬት መሬት ቢያይ አክብሮሽ ነው። በራስ መተማመን ይጎድለዋል ብለሽ እንዳትጽፊበት።

ደግሞ ወሎዬ ነሽ። ወሎዬ ነኝ ማለት መልክን ይዞ መዞር ነው። ባቲና አምባሰል ከትዝታና ከአንቺ ሆዬ ጋር የአገሪቱ ዘፈን የሚቃኝባቸው ቅኝቶች ናቸው፤ ሰው ባቲ ሲባል ቀድሞ የሚመጣለት ግን የገበያዋ ቆንጆ ነው። በ1966ቱና በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ደግሞ ዓለም የወሎን ሰው በሌላ ፊት አየው፤ አጥንቱ በወጣ፣ እጁን በዘረጋ ፊት። በእኛ ጊዜ አዲስ አበባ ሄዶ ከወሎ ነኝ ያለ ሰው ወይ ይታዘንለታል ወይ ይቀለድበታል። ለቁንጅናም ለምጽዋትም ተፈልገናል። ሒሳብ የሚያውቀው፣ ብረት የሚቀጠቅጠው፣ መንዙማ የሚያወርደው ወሎዬ ግን በሁለቱ መካከል ጠፋ።

ራስሽም ቀምሰሽዋል። በሒሳብ አያያዝ ተመርቀሽ ስትቀጠሪ የመጀመሪያው መሥሪያ ቤትሽ «የወሎ ልጅ እንግዳ መቀበል ታውቅበታለች» ብሎ መቀበያ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠሽ። «አባዬ፣ የቀጠሩት ፊቴን ነው» ብለሽ ያለቀስሽበትን ቀን እኔ አልረሳሁትም። ያን ጊዜ የጎዳሽ አለማማርሽ ሳይሆን ማማርሽ ነበር። ይህን የምጽፍልሽ ለመልከ ጥፉ እንድታደይለት አይደለም፤ ቆንጆዋንም በቁንጅናዋ እንዳትጠረጥሪያት ነው።

ማክሰኞ የሒሳብ ሠራተኛ ትፈትናላችሁ ብለሽኛል። እንግዲያውስ የልብስ ሰፊ ምክር ስሚ። ማመልከቻው ላይ ያለውን ጉርድ ፎቶግራፍ መጀመሪያ አስወግጂው፤ ለሒሳብ ሥራ ፊት ምን ያደርጋል? ከዚያ ሆን ተብሎ ስህተት የገባበት አንድ የባንክ ሒሳብ ማስታረቂያ ለሁሉም ስጡና ስህተቱን ያውጡ። ወረቀቱ ላይ ስም ሳይሆን ቁጥር ይጻፍ፤ እርማቱም ሰዎቹን ከማየታችሁ በፊት ይለቅ። ቃለ መጠይቁ ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል። ነጥባችሁን እርስ በርስ ሳትነጋገሩ እያንዳንዳችሁ ጻፉ። አለቃችሁ ቀድሞ «ደስ የሚል ልጅ ነው» ካለ ፈተናው አለቀ ማለት ነው። ሥራው ንግግር የሆነ እንደሆነ፣ ሻጭ ወይም አስተማሪ ስትቀጥሩ፣ ያኔ ንግግሩን መዝኑት፤ ሥራው ነውና። ይህን ሁሉ በትምህርት ቤት ተምረሽዋል፤ በር ላይ ስትቆሚ እንዳትረሺው ብዬ ነው። ባልደረቦችሽ ሥራ አበዛሽብን ካሉሽም አብሽሪ፤ ሰው ቀጥሮ ከማሰናበት ይቀላል።

ሌላው ነገር፣ ለዚያ ለእጮኛሽ ለሰርጉ ኮት እንድሰፋለት ፎቶውን ልከሽልኛል። መልኩ ደህና ነው፤ እናትሽ ወዳዋለች። እኔ ግን ፎቶ አልሰፋም። ትከሻውን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ደረቱን፣ ወገቡን፣ የእጅጌውን ርዝመት በሜትር ለክተሽ ላኪልኝ። ሲለካ ትንፋሹን እንዳይስብ ንገሪው፤ ወንዶች ሁሉ ይስባሉ።

የአያትሽ ዱአ፣ የእናትሽ ጸሎት አይለይሽ።

አባትሽ፣
ከደሴ