በኢቭ ኦንላይን ሙያ ለሚመርጡ ጀማሪዎች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በኢንተርኔት ስለሚጫወቱት የጠፈር መንኮራኩሮች ጨዋታ፣ ስለ ኢቭ ኦንላይን፣ በጋዜጣ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጦርነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2014 ቢ-አር-5-አር-ቢ በተባለው የኮከብ ሥርዓት ወደ 21 ሰዓት የፈጀው ውጊያና የወደሙት 75 ታይታን የተባሉ ግዙፍ መንኮራኩሮች ዛሬም ይወራላቸዋል። ይህን ሰምቶ ወደ ጨዋታው የሚገባ ሰው ግን ታይታን አይሰጠውም። የሚያገኘው አንዲት ትንሽ መንኮራኩርና ከ7,000 በላይ የኮከብ ሥርዓቶች ነው። ወዲያው «እኔስ ምን ልሥራ?» ይላል። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ነገር በአማርኛ ተጽፎ እምብዛም ስለማናይ ይህን ደብዳቤ ልከናል።

እኛ እንደምናምነው ሙያ መመረጥ ያለበት በሰዓት በሚያስገባው ኢስክ (የጨዋታው ገንዘብ) አይደለም። መመዘኛው ተጫዋቹ ያለው ጊዜና ሊሸከመው የሚችለው ኪሳራ ነው። እጅ በእጅ የሚዞሩት የገቢ ሰንጠረዦች የሚሠሩት ክህሎቱን በጨረሰና አንድ መንኮራኩር ቢወድምበት ሌላ ተጠባባቂ ባለው ሰው ልክ ነው። ጀማሪ ያንን ቁጥር አይቶ ያለ የሌለ ገንዘቡን አንድ ውድ መንኮራኩር ላይ ያፈሳል፤ «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ይደርስበታል። በኢቭ የወደመ መንኮራኩር አይመለስም። ኢንሹራንስ የሚከፍለው ለአካሉ ብቻ ነው፤ የተገጠመለት መሣሪያና የጫነው ዕቃ አይካተትም።

መጀመሪያ መደረግ ያለበት ግልጽ ነው። «ዘ ኤጀንሲ» የሚባለውን መስኮት ከፍቶ የካሪየር ኤጀንቶችን (ሙያ የሚያስተምሩ የጨዋታው ገጸ ባሕርያትን) መፈለግ፣ ከዚያ የአምስቱንም ተልዕኮ መጨረስ። የማይፈልጉትን ሙያ ጭምር ማለታችን ነው፤ ኤጀንቶቹ መንኮራኩር፣ የክህሎት መጽሐፍና መነሻ ገንዘብ ይሰጣሉ፣ ሥራው ለሰውየው ይስማማው እንደሆነም ያለ ኪሳራ ያሳያሉ። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል፦ በውጊያው መስመር መንኮራኩሩ እንዲወድም ሆን ተብሎ የተዘጋጀ ተልዕኮ አለ። መመሪያውን ሳያነቡ በራስ ጥሩ መንኮራኩር መሄድ አይገባም።

ቀጥሎ ክህሎት ይመጣል። እዚህ ላይ ጠለቅ ብለን እንሄዳለን፤ ብዙ ሰው ወራት የሚያባክነው እዚህ ነውና። ክህሎት የሚሠለጥነው በእውነተኛ ሰዓት ነው፤ ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ይቀጥላል። ለአንድ መሠረታዊ ክህሎት እስከ ደረጃ 1 ለመድረስ 250 ነጥብ፣ እስከ 2 ደግሞ 1,415፣ እስከ 3 ለመድረስ 8,000፣ እስከ 4 ለመድረስ 45,255፣ እስከ 5 ለመድረስ 256,000 ያስፈልጋል። አብዛኛው ክህሎት በየደረጃው የሚሰጠው ጥቅም እኩል ስለሆነ፣ ደረጃ 4 ላይ የቆመ ሰው ከጥቅሙ አምስት እጅ አራቱን ይዟል፤ የከፈለው ሥልጠና ግን ከአምስት እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። በደቂቃ 30 ነጥብ በሚያገኝ፣ ኦሜጋ በሚባለው የሚከፈልበት አካውንት ከ3 ወደ 4 መውጣት 21 ሰዓት ገደማ ሲወስድ ከ4 ወደ 5 መውጣት አምስት ቀን ሊሞላ ጥቂት ሰዓታት ይቀሩታል። ነጻው አልፋ አካውንት ፍጥነቱ የዚህ ግማሽ ነው፤ 5 ሚሊዮን ነጥብ ላይም ይቆማል። ስለዚህ የሚያስፈልጉትን ሁሉ መጀመሪያ ወደ 3፣ ከዚያ ወደ 4 ማድረስ ይበጃል። ደረጃ 5 የሚሠለጥነው አንድ የታወቀ መንኮራኩር ወይም መሣሪያ ሲጠይቀው ብቻ ነው። ሙያውን ገና ያልቆረጠ ሰው ደግሞ የኃይል ማመንጫን፣ የሲፒዩን፣ የካፓሲተርን (የኃይል ማከማቻውን)፣ የጋሻንና የአካልን ጥንካሬ እንዲሁም ፍጥነትን የሚጨምሩትን ያስቀድም፤ የትኛውንም መንኮራኩር ቢያበር ያገለግሉታል።

አሁን ወደ ሙያዎቹ እንግባ። በአንድ ቁጭታ ግማሽ ሰዓት ብቻ ያለውና ዓይኑን ከስክሪኑ የማይነቅል ሰው አሰሳን፣ ማለትም የተደበቁ ቦታዎችን ፈልጎ ሣጥን መክፈትን፣ ይሞክር። መነሻው ርካሽ ነው፦ ከሄሮን፣ ማግኔት፣ ኢሚከስ ወይም ፕሮብ አንዷን ፍሪጌት (ትንሽ መንኮራኩር) መያዝ፣ ኮር ፕሮብ ላውንቸር መግጠም፣ የተደበቁ ቦታዎችን ምልክት የሚፈልጉ 8 ፕሮቦች መጫን፣ ሣጥን የሚከፍቱትን ዳታ አናላይዘርና ሬሊክ አናላይዘር መጨመር። ፕሮቦቹ ተዘርግተው ምልክቱን መሐል ካስገቡ በኋላ ስፋታቸው ደረጃ በደረጃ እየጠበበ እስከ 0.25 ኤዩ (የጠፈር ርቀት መለኪያ) ይወርዳል፤ ምልክቱ 100 በመቶ ሲሞላ ወደ ቦታው መብረር ይቻላል። ሣጥኑን ለመክፈት በሚደረገው ጨዋታ ውስጥ የሚታየው ቁጥር በጣም የቀረበው የተደበቀ ጠቃሚ ነጥብ ምን ያህል እንደሚርቅ ይናገራል፤ ትልቁ 5 ነው። አንድ ጊዜ መሳት ይፈቀዳል፤ ሁለተኛ ጊዜ ከከሸፈ ሣጥኑ ከነዕቃው ይጠፋል።

አሳሾች የሚሞቱት በአብዛኛው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ዎርምሆል (ወደ ሩቅ ጠፈር የሚያሻግር ጊዜያዊ ቀዳዳ) ውስጥ «አንሴኪዩርድ» ወይም «ፎርጎትን» ብሎ የሚጀምር ቦታ መግባት ነው፤ እነዚህን ስሊፐር የተባሉ በኮምፒውተር የሚመሩ ጠላቶች ይጠብቋቸዋል፣ ለፍሪጌትም ርኅራኄ የላቸውም። ሁለተኛው ዲ-ስካንን (በዙሪያ ያሉ መንኮራኩሮችን የሚያሳየውን መቃኛ) መርሳት ነው። ዎርምሆል ውስጥ በአካባቢው ማን እንዳለ የሚያሳይ ዝርዝር ስለሌለ በየጥቂት ሰከንዱ መጫን ግድ ነው። ከመግባት በፊት የዎርምሆሉን መረጃ ማየት ያስፈልጋል፤ ዕድሜው እያለቀ ነው ካለ ቀሪው ከ4 ሰዓት በታች ነው። ከተገባ በኋላ ደግሞ መውጫውን ወዲያው ቡክማርክ ማድረግ (ቦታውን መመዝገብ)። መውጫው የጠፋበትና ፕሮብ ያለቀበት ሰው ከዚያ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ሞቶ ነው።

ማዕድን ማውጣት ረጋ ያለ ጊዜ ላለው ሰው ይስማማል። ቬንቸር የምትባለው መንኮራኩር 5,000 ሜትር ኩብ ማዕድን ትይዛለች፤ ቬልድስፓር የተባለው ማዕድን አንዱ 0.1 ሜትር ኩብ ስለሆነ 50,000 ፍሬ ማለት ነው። ከእርሷ ቀጥሎ በሚመጡት ባርጆች (ትልልቅ የማዕድን መንኮራኩሮች) ላይ ጀማሪ ይሳሳታል። ኮቬተር ብዙ ታወጣለች፣ ሪትሪቨር ብዙ ትይዛለች፣ ፕሮክዩረር ግን ጥቃት ትችላለች። ብቻውን ለሚያወጣ ሰው ፕሮክዩረርን እንመክራለን። ከ1.0 እስከ 0.5 ያለው ጠፈር «ደህና» ስለሚባል ብቻ ደህና አይደለም። የጨዋታው ፖሊስ ኮንኮርድ አጥቂውን ይቀጣል እንጂ ተጠቂውን አያድንም፤ ካታሊስት የተባሉ ርካሽ የጦር መንኮራኩሮች ይዘው፣ ተሰባስበው ባርጅ አፈንድተው ቅጣታቸውን የሚቀበሉ ሰዎች አሉ።

ማምረት የሚፈልግ ሰው አንድ አጉል ስሌት ከአእምሮው ማውጣት አለበት፤ ይኸውም «ማዕድኑን ራሴ ስላወጣሁት ነጻ ነው» የሚለው ነው። ማዕድኑ ገበያ ላይ 10 ሚሊዮን ኢስክ የሚያወጣ ከሆነና የተሠራው መንኮራኩር በ9.5 ሚሊዮን ከተሸጠ፣ ግማሽ ሚሊዮን ከስሯል፤ የሥራ ክፍያውና የሽያጭ ታክሱ ሲጨመር ደግሞ ከዚያም በላይ። ሁሌም በጂታ (በጨዋታው ዋና ገበያ) የመሸጫ ዋጋ ማስላት ያስፈልጋል። ብሉፕሪንት (የመሥሪያ ንድፍ) ሲገዛም የማዕድን ቁጠባው ይታይ፤ ከፍተኛው 10 በመቶ ነው። 0 ላይ ያለ ብሉፕሪንት 10 ካለው ተፎካካሪ ጋር እኩል አይሸጥም።

ንግድ ጊዜ አይፈጅም፤ በቀን ሁለት ጊዜ ገብቶ መውጣት ይበቃል። የሚፈልገው መነሻ ካፒታልና ትዕግሥት ነው። በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ብቻ አይታይ፤ የዕለት ሽያጩ ብዛትም ይታይ። ትርፉ 40 በመቶ ሆኖ በሳምንት ሁለት ብቻ የሚሸጥ ዕቃ ገንዘብ ያስራል። የደላላ ክፍያ ሲዘረዘር ብቻ ሳይሆን ዋጋ በተሻሻለ ቁጥርም ስለሚጠየቅ፣ በየደቂቃው ዋጋ መቀነስ ትርፉን ይበላዋል።

ጭነት ማመላለስ ቀላል ይመስላል፤ ያልጠረጠረ የሚመነጠረው ግን እዚህ ነው። ኮንትራት ሲቀርብ የተጠየቀው መያዣ ከዕቃው ዋጋ ጋር ይመዛዘን፤ መያዣው እጅግ ከበለጠ ጭነቱ እንዳይደርስ የሚፈልግ ሰው አለ። መድረሻው የግለሰቦች ጣቢያ ከሆነ የመቆም ፈቃድ መኖሩ ይጣራ፤ መግባት ከተከለከለ መያዣው ቀልጦ ይቀራል። ውድ ዕቃ ተጭኖ በአውቶፓይለት አይኬድም፤ ወደ ሌላ የኮከብ ሥርዓት ከሚያሻግረው በር ርቆ አውርዶ ቀስ እያለ ስለሚጠጋ ለአድፋጮች ይመቻል። የጭነት ማስፊያ መሣሪያዎችን መደርደርም የመንኮራኩሩን አካል ያሳሳል።

ለሚዋጋ ሰው ቃላችን አጭር ነው። አንድ ውድ መንኮራኩር ከመግዛት አሥር ተመሳሳይ ርካሽ ፍሪጌቶች መግዛት ይሻላል፤ መማሪያው መሸነፍ ነውና። በቡድን ውስጥ ጠላትን ይዞ ማቆየት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይቻላል። ለዚህ የሚያገለግለው ተራው ዋርፕ ዲስራፕተር እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይይዛል። ስክራምብለር 7.5 ብቻ ይደርሳል፤ ነገር ግን የጠላትን ማይክሮዋርፕድራይቭም (ፍጥነት የሚጨምረውን ሞተር) ያጠፋል። የኤጀንት ተልዕኮ የሚመርጥ ደግሞ መከላከያውን እንደ ጠላቱ ይለውጥ፦ ከወንበዴ ቡድኖቹ ጉሪስታስ በአብዛኛው ኪኔቲክ በሚባለው የጉዳት ዓይነት፣ ብለድ ሬይደርስና ሳንሻ ደግሞ በኢኤምና ተርማል ይመታሉ።

ኦሜጋን በኢስክ ለመክፈል መቸኮልን አጥብቀን እንቃወማለን። 30 ቀን 500 ፕሌክስ (በኢስክ ገበያ ላይ የሚገዛ የኦሜጋ መክፈያ) ይጠይቃል። ይህን ለመሙላት ገና በመጀመሪያው ወር ሌት ተቀን ማዕድን የሚያወጣ ጀማሪ ሌሎቹን ሙያዎች ሳያይ ሰልችቶት ይሄዳል።

ብቻውን መማር የከበደው ሰው አስተማሪ ኮርፖሬሽን (የተጫዋቾች ማኅበር) ይፈልግ፤ ኢቭ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ጀማሪዎችን ያስተምራል። የትኛውም ኮርፖሬሽን ሲጋብዝ አባላቱ የሚጫወቱት በስንት ሰዓት እንደሆነና በቡድን ውጊያ ለወደመ መንኮራኩር ምትክ ይሰጥ እንደሆነ ይጠየቅ። «ለመግቢያ ኢስክ ላክ» ወይም «መንኮራኩሮችህን አስረክበን፣ እኛ እናጓጉዝልሃለን» የሚል መልስ ከመጣ ግን ንግግሩን እዚያው ማቋረጥ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣው አንባቢዎች