የተጭበረበሩት ስግብግብ ስለሆኑ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

በቅርቡ ስለ ባንክ ማጭበርበር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው፤ ብዙ ነገር ይዟል። አንድ ቦታ ላይ ግን አልተስማማሁም። የሚጭበረበሩት ነጻ ብር ሲባሉ የሚስገበገቡና ለሚስጥር ቁጥራቸው ደንታ የሌላቸው ሰዎች ናቸው ይላል። አዲስ አበባ ላይ እንዴት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። እዚህ ደሴ መናኸሪያ አጠገብ ካለችው ሱቄ ሲታይ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ሥራዬ የስልክ ዕቃ መሸጥና መጠገን ነው። ግማሹን ቀን ግን የሰው ስልክ ስነካካ ነው የምውለው። ከኩታበር፣ ከሐይቅ፣ ከደላንታ የመጣ ሰው መኪና ከመሳፈሩ በፊት ጎራ ይላል። «እስቲ ይቺን እይልኝ ልጄ፣ ጅዳ ያለችው ልካለሁ ብላኝ ነበር፤ ገብቶ እንደሆነ» ይለኛል። ስልኩን ይሰጠኛል። ሚስጥር ቁጥሩንም ጮክ ብሎ ይነግረኛል፤ ያውም ሌላ ደንበኛ ቆሞ እየሰማ። አንዳንዱ ደግሞ ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት አስጽፎ ከስልኩ ከቨር ስር ሸጉጦ ነው የሚመጣው። ወረቀቱን አውጥቼ እቀድለታለሁ። ሌላ ቀን አዲስ አስጽፎ ይመጣል።

ታዲያ ይህ ሰው ግድ የለሽ ነው? ማንበብ አይችልም፣ አለቀ። ባንኩ «ሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ» እያለ መልእክት ይልክለታል። መልእክቱ በጽሑፍ ነው። ለማንበብ ስልኩን ለሰው መስጠት አለበት። ለሰው ከሰጠ ደግሞ መልእክቱ አድርግ ያለውን አላደረገም። እስቲ ምን ይሁን?

ወደ ስልክ ባንክ የገባውም ወዶ ብቻ አይደለም። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀምር ብዙው ሰው የወጣቶች ጉዳይ ነው ብሎ ነበር። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ሲመጣ ባንክ ተዘጋ፤ እጁ ላይ ጥሬ ብር ያልነበረው ሰው ምን እንደሆነ የወሎ ሰው አይረሳውም። በ2015 ነዳጅ የሚቀዳው በስልክ ክፍያ ሆነ፤ የባጃጅ ሹፌሩ ሁሉ ገባበት። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የቀረን ባለ ኮከቡ ቁጥር ነበር፤ የቴሌብሩ ኮከብ 127 መሰላል (*127#)፣ የንግድ ባንኩ ኮከብ 889 መሰላል (*889#)። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው እሱ ብቻ ነው። ሰዉ «ኮከብ ብለው፣ ይህን ጽፈው፣ መሰላል ብለው ይደውሉ» የሚል ድምፅ ለመደ። ሌባም የሚናገረው ይህንኑ ነው።

ስግብግብነት የተባለው ነው በተለይ ያንገበገበኝ።

አንዲት እናት ሱቄ በረንዳ ላይ አረፍ ብለው ባጃጅ እየጠበቁ ስልካቸው ጠራ። እንደ ብዙ አዛውንት ላውድ ላይ ነው የሚያወሩት፤ ሁሉንም ሰማሁ። ደዋዩ ወጣት ነው፣ አንደበቱ ማር ነው። «እማማ እንዴት ዋሉ? በስህተት ብር ልኬብዎት እኮ ነው፤ አንዲት ቁጥር ተሳስቼ። ልጄ ሆስፒታል ተኝታለች፣ የመድኃኒቷ ነው» አላቸው። ድምፁ ተቆራረጠ፤ ማልቀሱ ነው መሰለኝ። እሳቸውም «አብሽር የኔ ልጅ! የሰው ሐቅ ምን ያደርግልኛል፣ አሁኑኑ ይመለስልሃል» አሉና ስልኩን ለእኔ ዘረጉልኝ።

መልእክቱን አየሁት። 8,000 ብር ገቢ ሆኗል ይላል። አጻጻፉ ቁርጥ የባንክ ነው። የላከው ግን ባንኩ አይደለም፤ ከላይ ያለው ተራ የ09 ቁጥር ነው። በኮከቡ ቁጥር ገብቼ ሒሳባቸውን ሳይ የተጨመረ ሳንቲም የለም። እንመልስለት ቢባል የሚሄደው የራሳቸው ብር ነበር። ስልኩን ተቀብዬ «ወንድሜ፣ ብሩን ከባንክህ አስመልስ» ስለው የመጣብኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ዘጋው።

ብሩ ተረፈ። እሳቸው ግን ደስ አላላቸውም። «ምናልባት እውነቱን ቢሆንስ? ልጁ እኮ አለቀሰ። ሐራም በላሁ ማለት አይደለም?» እያሉ ባጃጁ እስኪመጣ ጠየቁኝ። ሒሳባቸውን ደግሜ ከፍቼ እየቆጠርኩ ነገርኳቸው። ያመኑኝ አልመሰለኝም። እኚህን ሴት ነው ጽሑፋችሁ ስግብግብ የሚላቸው? ሌባው እኮ ሐቀኝነታቸውን ነው የያዘባቸው። የሰው ገንዘብ ኪሱ ገባ ሲባል የማይደነግጥ ሰው በዚህ መንገድ አይሸወድም።

ሌላዋ እናት አልተረፉም። ከኩታበር በኩል ናቸው። ደዋዩ ከነአባት ከነአያታቸው ስማቸውን ጠርቶ «ፋይዳዎን ከአካውንትዎ ጋር ካላያያዝን ዛሬ ይታገዳል» አላቸው። ባንኮች በእርግጥም ፋይዳ አምጡ እያሉ ስለነበር ነገሩ እንግዳ አልሆነባቸውም። «ስሜን ያወቀ ሌባ ይሆናል?» አሉኝ በኋላ። ስም ማወቅ ግን ምንም ጥበብ አይጠይቅም። በስልክ ብር ለመላክ ቁጥር ሲገባ፣ ብሩ ከመሄዱ በፊት የተቀባዩ ስም ይመጣል። ሌባው ቁጥር ያስገባል፣ ስሙን ያነባል፣ ይሰርዘዋል፣ ከዚያ ይደውላል። ይህን ለስንት ሰው እንደነገርኩ፤ ሁሉም ይገረማል። መልእክት ሆኖ ሲላክ ግን አንድም ቀን አላየሁም።

ከዚያ ስልካቸው ላይ የማረጋገጫ ቁጥር በመልእክት መጣ። ደዋዩ «እሱን ያንብቡልኝ» አለ። ማንበብ ስለማይችሉ የጎረቤት ልጅ ጠሩ። ልጁም የተማረውን አሳየ፤ አጥርቶ አነበበው። ደዋዩ ሚስጥር ቁጥሩንም ጠየቃቸው፤ እንደ ሁልጊዜው ነገሩት። ሰውየው አካውንታቸውን በራሱ ስልክ ላይ ከፈተና ልጃቸው በሰው ቤት ሠርታ ለቤት ክዳን ያጠራቀመችውን ብር ወሰደው።

የባንኩን ስም አልጠራም። ቀኑ ዓርብ ነበር፤ በዚያው ከሰዓት ቅርንጫፉ ሄዱ። የፖሊስ ደብዳቤ ያምጡ ተባሉ። ፖሊስ ጣቢያ የሒሳብ መግለጫ ያምጡ ተባሉ። መግለጫውን ሊጠይቁ ሲመለሱ ሰዓት አልፏል። ቅዳሜ ሲሄዱ የሚፈርመው ኃላፊ የለም። ሰኞ መግለጫው ወጣ፤ ብሩ በዚያው ዓርብ ከአንዱ አካውንት ወደ ሌላው፣ ከዚያም ወደ ሌላው ሄዶ በጥሬው ወጥቷል። አንደኛው አካውንት የአንድ ተማሪ ነው ተባለ፤ ለጥቂት ብር አውሶት ነው አሉ። አካውንት ማዋስ ወንጀል ውስጥ እንደሚያስገባ ለልጆቻችን የነገራቸው አለ?

ሕግ አጥተን እንኳ አይደለም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ማታለሉንም የሰው ማንነት መስረቁንም ቅጣት አስቀምጦላቸዋል። ሕጉ ግን ሌባው ከተያዘ በኋላ ነው። እኔ የማወራው ስለ መጀመሪያዋ ሰዓት ነው።

በነገራችን ላይ ያልጻፋችሁት አንድ ነገር አለ። «ኔትወርክዎን እናስተካክልልዎ፤ ኮከብ 21 ኮከብ ብለው ይህን ቁጥር ጽፈው መሰላል ይበሉና ይደውሉ» የሚሉ አሉ። ይህ ጥሪን ወደ ሌላ ስልክ ማዞሪያ ነው። ከዚያ ወዲያ ሲደወልልዎ የሚጠራው የሌባው ስልክ ነው። ባንኩ ለማጣራት ቢደውል «አዎ፣ እኔ ነኝ» የሚለው እሱ ነው። የቴሌግራም መግቢያ ቁጥር በጥሪ ሲመጣም የሚሰማው እሱ ነው። ማጥፊያው መሰላል መሰላል 002 መሰላል ነው። ስልክ ለጥገና ሲመጣልኝ እግረ መንገዴን ባለቤቱን አስፈቅጄ እደውለዋለሁ።

ነጋዴውን የሚሸውዱት በስክሪንሾት ነው። ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ፍየል የሸጠ ሰው ኔትወርክ ተጨናንቆ፣ ገዢው «ይኸው ልኬልሃለሁ» ብሎ የስልኩን ፊት ያሳየዋል። የገዢ ስልክ ምንም አያረጋግጥም። የራስን ሒሳብ ከፍቶ ሳያዩ ፍየሉን አለመልቀቅ ነው፤ ገዢው ቢቆጣም ይቆጣ። በቴሌግራም የሚላከውን «የሥራ ማመልከቻ መተግበሪያ» ስለመጫን እናንተም ስለጻፋችሁ አልደግመውም።

ባንኮቹ እኮ ብዙ ነገር ማድረግ ይችሉ ነበር። እኔ ጋ የሚመጡት ብዙዎቹ ሞባይል ባንኪንግ መቼ እንደተከፈተላቸው አያውቁም፤ ፈርሙ ሲባሉ ፈርመው ነው፤ ያውም በጣት አሻራ። እነዚህ እናቶች ብር ይቀበላሉ እንጂ አይልኩም። ለምን መቀበያ ብቻ አይሆንላቸውም? መላክ ካስፈለጋቸውም ባንኮኒው ላይ ያለችው ልጅ «እማማ፣ በቀን ከስንት ብር በላይ እንዳይወጣ ይፈልጋሉ?» ብላ ትጠይቃቸው። በሕይወታቸው 2,000 ብር ልከው የማያውቁ ሴት፣ በአንድ ከሰዓት ያላቸው ሁሉ ሲወጣ ዝም ብሎ የሚያሳልፍ አሠራር አልገባኝም።

ማስጠንቀቂያውም በድምፅ ይሁን። የጥሪ ማሳመሪያ ዘፈን በየስልኩ የሚያጫውት አገር ይህ አያቅተውም። አማርኛ ብቻም አይበቃም። ከሚሴና ባቲ ኦሮምኛ ነው የሚወራው፤ ባቲ ገበያ ደግሞ አፋሩም ይመጣል። «ሚስጥር ቁጥር አትስጡ» የምትለዋን ብቻ መደጋገምም ይቅር። ሌባው እንዴት ስም እንደሚያውቅ ንገሯቸው። የሰው ብር በስህተት ቢገባ እንኳ መልሱ በባንኩ በኩል እንደሆነ፣ በዚህም የሰው ሐቅ እንደማይቀርባቸው ንገሯቸው። ይህን ኢማሙም ቄሱም ቢናገሩት ደግሞ ከማንም ባንክ ይበልጥ ይሰማሉ።

የተጭበረበረ ሰው ወዲያው እንዲደውል ጽፋችኋል። እስማማለሁ፤ የንግድ ባንክ 951፣ የቴሌብር 127 መሆኑን እኔም ለደንበኞቼ በስልካቸው ላይ እመዘግብላቸዋለሁ። ጥያቄዬ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ባንኮቹን አንድ በአንድ ጠይቁልን። ማንበብ የማይችል ደንበኛ ዓርብ ከሰዓት ደውሎ «ተዘረፍኩ» ቢል፣ ያለ ምንም ደብዳቤ ብሩ የገባበትን አካውንት ለማገድ ስንት ደቂቃ ይፈጅባችኋል? ማታ ቢሆንስ? እሑድ ቢሆንስ? መልሳቸውን ከየባንኩ ስም ጋር አትሙልን። እኔም ቆርጬ ሱቄ በር ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ለማያነቡት አነብላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የስልክ ዕቃ ነጋዴ፣ ከደሴ መናኸሪያ