ደዋይ ቀነሰ እንጂ ረብሻው አልቀነሰም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

እዚህ እንግሊዝ አገር ፖሊስና ካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) የሰፈር ረብሻን ለመቀነስ «ተቀናጅተው» እየሠሩ ነው ብላችሁ ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። ቢጫ ጃኬት የለበሱ ሁለት ፖሊሶች ከአንድ የካውንስል ሠራተኛ ጋር ፈገግ ብለው የቆሙበት ፎቶ ያለው ነው። በፎቶው ቅር አላለኝም። ፈገግታ አይከለከልም። እኔን ከመቀመጫዬ ያስነሳችኝ መሀል ላይ ያለች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «ከነዋሪዎች የሚቀርበው ቅሬታ በእጅጉ መቀነሱ የሥራውን ውጤታማነት ያሳያል።»

ሁለቴ አነበብኳት። ከዚያ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እሷ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

በእጅጉ ማለት ስንት ነው? ከስንት ወደ ስንት ወረደ? ማን ቆጠረው? ዘጋቢያችሁ አልጠየቀም። ግድ የለም፣ እኔ ልንገራችሁ። መደወል ካቆሙት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት። ሦስተኛዋ ከእኛ በታች ያሉት እናት ናቸው፣ እማማ ነው የምንላቸው። እንግዲህ እዚያ «ውጤት» ውስጥ የሦስታችንም ድርሻ አለበት ማለት ነው። ቢያንስ ፎቶው ላይ ልንጠራ ይገባን ነበር።

የምንኖረው ካውንስል በሚያከራየው ሕንፃ ውስጥ ነው። ከተማውን አልጠቅስም። የታችኛው በር ቁልፍ ከተሰበረ ቆይቷል። ከዚያ ወዲህ ደረጃው የማናውቃቸው ሰዎች ሳሎን ሆኗል። ያጨሳሉ፣ ይጮኻሉ፣ ይሸናሉ። የሳቅ ጋዝ የሚሉትን ስበው ቆርቆሮውን እዚያው ጥለው ይሄዳሉ። ይህ ጋዝ ለስካር ተብሎ መያዙ ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ ወንጀል ነው። (ዓመቶቼ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ቆርቆሮው ግን ሕጉን የሰማ አይመስልም። እኔ ሥራ የምገባው በማለዳ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በጨለማ ስወርድ የሰው እግር እየተሻገርኩ ነው የምወጣው።

ደወልን። አስቸኳይ ላልሆነ ጉዳይ ፖሊስ የሚጠራበት 101 ላይ ደወልን። መደወያው ድሮ 15 ፔንስ ያስከፍል ነበር፣ ከ2020 ወዲህ ነፃ ነው። ነፃ መሆኑ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ሙዚቃውን ረጅም ጊዜ ነው የምታዳምጡት። አንድ ቀን እማማ ራሳቸው ደወሉ። አስተርጓሚ ይምጣልዎ ተባሉ። ደስ አላቸው። አስተርጓሚው መጣ፣ የሚናገረው ግን ሌላ ቋንቋ ነው። እማማ በትህትና «ጤና ይስጥልኝ፣ አልገባኝም» ብለው ዘጉ። ያ ስልክ በመዝገቡ ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ቅጹ መጣ። ካውንስሉ ስለ ጩኸቱ ለሁለት ሳምንት እየመዘገባችሁ አምጡ አለን። ቀኑ፣ የተጀመረበት ሰዓት፣ ያበቃበት ሰዓት፣ የሰማችሁት ነገር፣ «በእርስዎ ላይ ያደረሰው ተጽዕኖ»። እማማ ከሁላችንም በላይ ትጉ ነበሩ። ቁጥሩን ራሳቸው ይጽፋሉ፣ የቀረውን ልጄ ይሞላላቸዋል። አንድም ሌሊት አላለፋቸውም። ወረቀቱን ለካውንስሉ ሰጠን። መልሱ ሲመጣ ምን ቢል ጥሩ ነው? አብዛኛው ጩኸት የተመዘገበው 8 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ «የሌሊት ጩኸት» አይባልም። እማማ የጻፉት በእኛ ሰዓት ነዋ! ሌሊት 8 ሰዓት፣ ሰው ሁሉ የተኛበት። የካውንስሉ ሰውዬ ያነበበው በነሱ ሰዓት፣ እራት ተበልቶ ቴሌቪዥን የሚታይበት። እዚህ አገር ሕጉ የሌሊት ጩኸት የሚለው በነሱ ከ11 እስከ 7፣ በእኛ ከምሽቱ 5 እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ያለውን ነው። አንድ ሰው ስልክ አንስቶ «እማማ፣ ይህ 8 ሰዓት የቱ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ያልቅ ነበር። አልጠየቀም። ማስረጃ የለም፣ ፋይሉ ተዘግቷል።

እኛ እንደገና ለማስረዳት ሞከርን። ያን ጊዜ ደግሞ ካውንስሉ ቅሬታ በስልክ መቀበሉ ቀርቶ በኦንላይን ፎርም ብቻ ሆኖ ጠበቀን። እማማ ኢሜይል የላቸውም። በቃ ተውት።

አሁን ወደዚያች ዓረፍተ ነገር ልመለስ። በርጋታ እናስብበት። የሚቀርብ ቅሬታ ብዛት ረብሻውን ብቻ አይለካም። ሰው ብደውል ይሰሙኛል ብሎ ማሰብ አለማሰቡንም ይለካል። ክሊኒክ ተዘግቶ ሲያበቃ «በሽተኛ ቀነሰ» ብሎ የሚጽፍ ጋዜጠኛ አለ? ቁጥሩ በእውነት ረብሻው ቀንሶም ሊወርድ ይችላል፣ አልክድም። ነገር ግን የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ቢያንስ አንድ በር ማንኳኳት ያስፈልጋል። ዘጋቢያችሁ የሁለት መሥሪያ ቤት ሰዎችን አነጋግሯል። ደረጃ ላይ የሰው እግር የሚሻገር አንድ ሰው ግን አላነጋገረም። በአማርኛ የምትጽፉት ለእኛ አይደለም እንዴ? የእነሱ መግለጫማ በእንግሊዝኛ ድረ ገጻቸው ላይ ተቀምጧል።

አማርኛ ካነሳን አይቀር፦ ከላይ እስከ ታች «ጸረ-ማኅበራዊ ባህሪ» ትላላችሁ። ምንድን ነው እሱ? «ጸረ-ሕዝብ»፣ «ጸረ-አብዮት» ሲባል እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። «ጸረ» ሲባል መታወቂያችንን ነው የምንፈልገው። አገር ቤት ሁሉም የሚያውቀው «አዋኪ ድርጊት» የሚባል ደህና ቃል አለ። የዚህ አገር ሕግም ከዚያ የራቀ ነገር አይልም። ሰውን የሚያዋክብ፣ የሚያስደነግጥ ወይም የሚያስጨንቅ ድርጊት ነው የሚለው።

ዘገባው ያወደሰው ሌላው ነገር አዲሶቹ ማስታወቂያዎች ናቸው። አዎ፣ እኛም ጋ አንድ ተሰቅሏል። ካውንስል አዋኪ ድርጊትን ለመከላከል በ2014 በወጣው ሕግ መሠረት በአንድ አካባቢ የተወሰነ ነገር እንዳይደረግ እስከ ሦስት ዓመት የሚጸና ትእዛዝ ማውጣት ይችላል። የጣሰ እዚያው በገንዘብ ይቀጣል፣ ፍርድ ቤት ከሄደ እስከ 1,000 ፓውንድ ሊደርስ ይችላል። ጥሩ ሕግ ነው። ማስታወቂያው የተሰቀለው ከተሰበረው በር አጠገብ ነው። ልጆቹ አሁን እሱን ተደግፈው ነው የሚያጨሱት።

ፖሊስ አይመጣም አልልም። አንዴ መጥቷል። ለልጄ። ልጄ 17 ዓመቱ ነው። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ከኳስ ልምምድ ወጥተው አውቶቡስ እየጠበቁ ነበር። አንድ ሰው «ወጣቶች ተሰብስበዋል» ብሎ ደወለ መሰለኝ። ያ ስልክ ወዲያው ተሰማ። አካባቢውን ለቃችሁ ሂዱ፣ እስከ ነገ ወዲያ እንዳትመለሱ ተብለው ወረቀት ተሰጣቸው። ሕጉ ይፈቅዳል። ኢንስፔክተር ከፈቀደ ለተወሰነ ጊዜ ሰውን ከአንድ ቦታ ማራቅ ይቻላል። ልጄ የተከለከለበት ቦታ ውስጥ ግን የራሱ አውቶቡስ ፌርማታ አለ። በማግስቱ ትምህርት ቤት በእግሩ ሄደ። ያን ሌሊት ደረጃው ላይ የነበሩትን ማንም ወረቀት አልሰጣቸውም።

እና ንገሩኝ፣ እኛ እዚህ አገር ምንድን ነን? ስንረበሽ የለንም፣ ስንቆም ግን እንታያለን። በ2014 ጁን 24 ጫት በብሪታንያ ሲታገድ ያለንበትን ፈልገው አላጡንም። የመንግሥቱ የአደንዛዥ ዕፅ አማካሪ ምክር ቤት ራሱ አይታገድ ብሎ መክሮ ነበር፣ አልሰሙትም። እኔ አልቅምም፣ መታገዱም አላስከፋኝም። የገረመኝ ሌላ ነው። ለክልከላው ስንፈለግ እንገኛለን። ቁልፍ ይሠራልን ስንል ግን አድራሻችን ከሲስተሙ ይጠፋል።

ለእውነት ያህል አንድ ነገር ልመስክር። የተሳካበት ጊዜ ነበር። አንዲት የሰፈር ድጋፍ ሰጪ ፖሊስ ነበረች፣ ከ2002ቱ ሕግ ወዲህ የመጡት፣ ሙሉ የፖሊስ ሥልጣን የሌላቸው። በእግሯ ነበር የምትዞረው። በር ታንኳኳለች። እማማን በስማቸው ትጠራቸዋለች። ነገሩን አይታ ካውንስሉን ጨቅጭቃ ቁልፉን አሠራችው። ከዚያ በኋላ አምስት ወር ሙሉ ደረጃው እንደ ቤተ ክርስቲያን ጸጥ ብሎ ነበር። ካሜራም አልነበረ፣ ማስታወቂያም አልነበረ። አንዲት ሴትና አንድ ቁልፍ። ከዚያ ወደ ሌላ ሰፈር አዘዋወሯት። ቁልፉም ብዙ አልቆየም። ዘገባችሁ ውስጥ ስለ ቁልፍ የሚል ነገር ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ።

ከሁሉ የከፋው ግን የተዋችሁት ነገር ነው። በ2007 ሌስተርሻየር ውስጥ አንዲት እናት የሰፈር ልጆች ለዓመታት ሲያሰቃዩአት ኖረው፣ በመጨረሻ የራሷንና የአካል ጉዳተኛ ልጇን ሕይወት አጠፋች። ፖሊስ ጋ 33 ጊዜ ደውላ ነበር። እያንዳንዱ ስልክ ለብቻው ታየ፣ ለብቻው «ትንሽ ነገር» ተባለ። ማንም አንድ ላይ አልደመረውም። በ2009 የሞቱን ምክንያት ያጣሩት ሰዎች የፖሊስና የአካባቢው አስተዳደር ጉድለት ለሞታቸው አስተዋጽኦ ማድረጉን ወሰኑ። አስቡት፣ እሷም 33ተኛውን ደውላ ብትተው «ቅሬታ ቀንሷል» ይባል ነበር።

የ2014ቱ ሕግ እንዲህ ያለውን ለማስቀረት አንድ መብት አስቀምጧል። ድሮ ኮሚዩኒቲ ትሪገር ይሉት ነበር፣ አሁን ኬዝ ሪቪው ይሉታል። በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ቅሬታ አቅርቦ መፍትሔ ያጣ ሰው ጉዳዬ እንደገና ይታይ ብሎ ማመልከት ይችላል። ከሦስት በላይ ቅሬታ አምጣ ሊሉት አይችሉም። ቅሬታው ግን ነገሩ በተፈጸመ በአንድ ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ያን ጊዜ ፖሊስ፣ ካውንስል፣ የጤና ተቋምና የቤት አከራይ ድርጅት መዝገባቸውን ይዘው አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። ማመልከቻውን ሌላ ሰው ሊያቀርብላችሁም ይችላል፣ ልጅም ይሁን ጎረቤት። ኢሜይል ለሌላቸው እናቶች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል?

ይህን እኔ ያወቅሁት ከሥራ ባልደረባዬ ነው፣ በሻይ ሰዓት። ከእናንተ መስማት ነበረብኝ። ስለ ፖሊሶቹ ጃኬት አንድ አንቀጽ ሙሉ ጽፋችሁ ስለዚህ አንድ መስመር መጨመር ምን ይከብዳል? ባላወቅንበት ጊዜ ስንቱ ቅሬታችን ቀኑ አልፎበታል።

ስለዚህ ከዜሮ ጀምረናል። እኔ ሰኞ ሌሊት 101 ላይ ደወልኩ። ባለቤቴ ሐሙስ። የእማማን ፎርም ልጄ በስልኩ ሞላላቸው፣ ሰዓቱንም በፈረንጅ አደረገው። እማማ አጠገቡ ተቀምጠው «8 ሰዓት ነው ያልኩህ፣ 2 ምን አመጣው?» ብለው ሲቆጡት ነበር። ሁሉም መለያ ቁጥር ተሰጥቶታል፣ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፈነዋል። ሦስት ሦስት እስክንሞላ አናቆምም። በሚቀጥለው ዘገባችሁ ቁጥሩ በእጅጉ ጨምሮ ካገኛችሁት አትደንግጡ። ረብሻው የነበረው ያው ነው። የጨመርነው እኛ ነን።

ከሦስተኛ ፎቅ
ስሜ በአዘጋጁ ዘንድ ይያዝልኝ